ኳሷ ከመድረሷ በፊት

የቴኒስ ቪዲዮ ጌም እውነተኛ የሚመስለው ምኑ እውነተኛ ሲሆን ነው? የሚያዝናናውስ?

ፕሌይስቴሽን ቤቱ ውስጥ አምስት ስክሪን አለ። አራቱ ላይ እንደወትሮው እግር ኳስ ነው። በር ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ስለ አርሴናልና ማንችስተር ይጨቃጨቃሉ፤ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ሒሳቡን ከፍሎ ይነሳል። ጥግ ላይ ባለው አምስተኛው ስክሪን ግን ዛሬ ቴኒስ ተከፍቷል፤ ከፊቱም ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው የምህንድስና ተማሪ ነው፤ በዕድሜው ራኬት ይዞ አያውቅም። ሌላው በልጅነታቸው ኳስ አቀባይ ሆነው ሜዳ የገቡ፣ ዛሬ ሌሎችን የሚያሠለጥኑ ጎልማሳ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ «ኮች» ነው የሚላቸው።

ኮች እየተሸነፉ ነው፤ ያውም በሰፊው።

«ይቺን እኮ ሜዳ ላይ ብሆን ሳልጨነቅ ነው የምመልሳት» ይላሉ፣ ጆይስቲኩን ወደ ደረታቸው እየሳቡ። ተማሪው ዐይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «ዘገዩ ኮች፤ ኳሷ መረቡን ሳታልፍ ነው መጫን ያለብዎት» ይላቸዋል።

ከኋላቸው ተቀምጬ አንድ ሰዓት ያህል አየኋቸው። ስክሪኑ ላይ ያሉት ተጫዋቾች ላብ ያልባቸዋል፤ ሸሚዛቸው ከገላቸው ጋር ይጣበቃል፤ ነጥብ ሲያጡ የራኬታቸውን አውታር በጣታቸው እያስተካከሉ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ይህን ሁሉ አይቶ «እውነት ይመስላል» የማይል የለም። ታዲያ ቴኒስን ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት ሰው ለምን ግራ ገባቸው? ራኬት ነክቶ የማያውቀው ልጅስ እንደ ቤቱ የሚዝናናው ለምንድን ነው?

እኔ የቴኒስ ጌም ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። በእነዚህ ዓመታት የደረስኩበት እምነት አንድ ነው፦ የጌሙ እውነት ያለው በተጫዋቹ ፊት ላይ ሳይሆን በእግሩና በጊዜው ላይ ነው። ኳሷ ከወዲያ ማዶ ተመትታ እኛ ዘንድ እስክትደርስ ባለችው ቅንጣት ጊዜ ውስጥ ጌሙ ምን እንድንወስን ያስገድደናል? የት እንድንቆም ይፈቅድልናል? ጨዋታው ያለው እዚያች ጊዜ ውስጥ ነው።

ተጫዋች የሌለበት ቴኒስ

የመጀመሪያው የቴኒስ ቪዲዮ ጌም ተጫዋች አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1958 በኒው ዮርክ ግዛት ሎንግ አይላንድ የሚገኘው ብሩክሄቨን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ለጎብኚዎች በሩን ከፍቶ ነበር። እዚያ ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ዊልያም ሂጊንቦተም እንዲህ ያሉ ጉብኝቶች አሰልቺ እንደሆኑ ያውቃል፤ ሰው የማይንቀሳቀስ ዕቃ አይቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በቤተ ሙከራው የነበረውን አናሎግ ኮምፒውተር የኤሌክትሪክ ሞገድ ከሚያሳይ መሣሪያ፣ ከኦሲሎስኮፕ ጋር አገናኘው። በሳህን ስፋት እንኳ የማይሆነው ክብ ስክሪን ላይ አንድ አግድም መስመር ታየ፤ ወለሉ ነው። መሐሉ ላይ አንድ አጭር ቋሚ መስመር፤ መረቡ። ከዚያም አንዲት የምታበራ ነጥብ፤ ኳሷ። ሁለቱ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንድ ሣጥን ይይዛሉ። ሣጥኑ ላይ የምቱን አቅጣጫ የሚወስን የሚዞር ቁልፍና ለመምታት የሚጫኑት ሌላ ቁልፍ አለ።

ራኬት አይታይም፤ ነጥብ የሚቆጥርም የለም። ኳሷ ግን እንደ ኳስ ነበረች። ወደ ላይ ስትወጣ ትዘገያለች፣ ስትወርድ ትፈጥናለች፣ ወለሉን ነክታ ትነጥራለች፣ መረቡ ከያዛት ትመለሳለች። ሰው ተሰለፈላት። በዓመቱ ጌሙ በትልቅ ስክሪን ሲመለስ፣ ኳሷን በጨረቃ ወይም በጁፒተር የስበት ኃይል መጫወትም ይቻል ነበር።

ፖንግ በ1972 ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። አታሪ ውስጥ አለን አልኮርን የሠራው ይህ ጌም ሜዳውን ከላይ ነው የሚያሳየው፤ ስበት የለም፣ ኳሷ ወለል ነክታ አትነጥርም፣ መረቡ የነጠብጣብ መስመር ብቻ ነው። ከቴኒስ ጋር ያለው ዝምድና ሩቅ ነው። ነገር ግን አልኮርን ሁለት ነገር ጨመረበት። አንደኛ፣ የመምቻዋን ዘንግ በስምንት ከፈላት፤ ኳሷ መሐሏን ከነካች ቀጥ ብላ ትመለሳለች፣ ጫፏን ከነካች ጎን ይዛ ትወጣለች። ሁለተኛ፣ ምልልሱ በረዘመ ቁጥር ኳሷ ትፈጥናለች። በዚህ ላይ በኤሌክትሪክ ዑደቱ ጉድለት ምክንያት ዘንጓ እስከ ስክሪኑ ጫፍ አትደርስም ነበር። አልኮርን ጉድለቱን አላስተካከለም፤ ዘንጓ ሁሉም ቦታ ብትደርስ ጎበዝ ተጫዋቾች ጨዋታውን ማለቂያ ያሳጡት ነበር። በካሊፎርኒያ ሰኒቬል ከተማ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ የተተከለው የመጀመሪያው ማሽን ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ ተባለ። ሄደው ሲያዩት ሳንቲም መቀበያው ሞልቶ ነው።

> አንደኛው ኳስ እንዴት እንደምትወድቅ አስተማረ፤ ሌላው ሰው ለምን ደጋግሞ እንደሚጫወት።

እነዚህን ሁለቱን የቴኒስ ጌም አያቶች እላቸዋለሁ። ከእነሱ ወዲህ የተሠራ ሁሉ በሁለቱ መካከል ሲጎተት የኖረ ነው።

የምትሽከረከር ኳስ

ወደ ፕሌይስቴሽን ቤቱ ልመለስ። ኮች ሁለት ጊዜ ከተሸነፉ በኋላ ሜዳው ይቀየርልን አሉ፤ ከጠንካራው ሜዳ ወደ ቀይ አፈር። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ነጥብ ላይ ተማሪው ከባድ ቶፕስፒን፣ ኳሷን ወደ ፊት የሚያሽከረክር ምት፣ መታ። ኳሷ ከመረቡ በላይ ከፍ ብላ ሄደች፤ ውጭ የምትወጣ መስላ በድንገት አጎነበሰች፤ መስመሩ ውስጥ ወድቃም እስከ ተቀባዩ ትከሻ ነጠረች። ኮች ወንበራቸው ላይ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ነጥቡን አጥተዋል፤ ፊታቸው ግን የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም። «አዎ፣ አፈር ላይ እንዲህ ናት» አሉ። በዚያ ሰዓት ውስጥ ጌሙን ያመኑት መጀመሪያ ያኔ ነበር።

ኳሷን ያጎነበሳት ነገር ድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። አይዛክ ኒውተን በ1672 ራኬት በሰያፍ የመታው ኳስ ጉዞው እንደሚታጠፍ ጽፎ ነበር። ክስተቱ ዛሬ በጀርመናዊው ሊቅ ስም የማግነስ ውጤት ይባላል። የቴኒስ ኳስ ፀጉራም ናት፤ ስትሽከረከር አጠገቧ ያለውን አየር ይዛ ታዞረዋለች። ወደ ፊት የምትሽከረከር ከሆነ አየሩን ከኋላዋ ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ አየሩም በአጸፋው እሷን ወደ ታች ይገፋታል። ስለዚህ ተጫዋቹ ባለ በሌለ ኃይሉ መትቶም ኳሷ ሜዳ ውስጥ ትወድቅለታለች። ራፋኤል ናዳልን በአፈር ሜዳ ላይ ያነገሠው ይኸው ነው። ስላይስ ተቃራኒው ነው፦ ኳሷ ትንሳፈፋለች፣ ነጥራም መሬት መሬቱን ትሄዳለች።

ስፒን፣ ማለትም የኳሷ ሽክርክሪት፣ እንደ ጌጥ የተሰካበት ጌም ወዲያውኑ ይታወቃል። ቁልፉን ስትቀይሩ የተጫዋቹ እጅ አዟዟር ይለወጣል፤ የኳሷ ጉዞ ግን ያው ነው። እንዲህ ባለ ጌም ውስጥ በሣርና በአፈር ሜዳ መካከል ያለው ልዩነት የቀለም ልዩነት ብቻ ይሆናል። በእውነቱ ግን አፈር ኳሷን ይይዛታል፣ ያዘገያታል፣ ወደ ላይ ያነሳታል፤ ሣር ደግሞ ያልነካት ያህል ያሳልፋታል። በዚህ ምክንያት አፈር ላይ ትዕግሥት ያለው፣ ሣር ላይ ደፋር የሆነው ይጠቀማል። ጥሩ ጌም ሜዳው ሲቀየር አሳባችንንም እንድንቀይር ያስገድደናል።

እግረ መንገዴን ኮች ያነሱትን አንድ ነገር ላንሳ፤ ለእኛ ይቀርባልና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ትበራለች፤ ስፒኑም የሚጨብጠው አየር ያንሰዋል። የቴኒስ ሕግም ይህንን ያውቃል፤ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ውድድር የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። እዚህ ያደገ ልጅ ዝቅተኛ አገር ሄዶ ሲጫወት «ኳሷ ከበደችብኝ፣ አልሄድ አለችኝ» ይላል ይላሉ ኮች። በተጫወትኳቸው ጌሞች ውስጥ ከፍታን የሚያስብ አልገጠመኝም። ቢኖር ደስ ይለኛል፤ የከተማችን ኳስ ምን እንደምትመስል አውቃታለሁና።

ቴኒስ በእግር ነው

ቴኒስ የሚያስተምር ሰው ሁሉ የሚደጋግመው ነገር አለ፦ እጅ የሚሳሳተው እግር ሲሳሳት ነው። ተቀባዩ ተቃራኒው ሊመታ ሲል በሁለት እግሩ ትንሽ ይዘላል፤ ሲያርፍ ጡንቻው ተወጥሮ ወደፈለገው ጎን ይወረወራል። ኳሷ ዘንድ ሲደርስ በትንንሽ እርምጃ ቦታውን ያስተካክላል። በፈጣን ሰርቭ፣ ነጥቡን በሚጀምረው ምት፣ የተመታች ኳስ ተቀባዩ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ቢፈጅባት ነው፤ ስለዚህ ውሳኔው የሚጀምረው ኳሷ ከመመታቷ በፊት፣ የመቺውን ትከሻና የኳሷን አወራወር በማንበብ ነው።

ይህ ሁሉ ጌም ውስጥ ሲገባ በአንድ አውራ ጣት የሚሠራ ይሆናል። ሠሪዎቹ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

በ1999 ሴጋ ለመዝናኛ ማሽን የሠራው ቨርቹዋ ቴኒስ አንድ መንገድ አሳየ። ተጫዋቹን እኛ እናስሮጠዋለን፤ ነገር ግን ቀድመን ደርሰን ቁልፉን ከተጫንን ምቱ ይበረታል፣ ከዘገየን ምቱ ይደክማል፤ አልያም ተጫዋቹ ራሱን ይወረውራል። ኳስ ከሜዳ ማውጣት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ነጥብ የሚገኘው ባላጋራ ከሌለበት ቦታ በመምታት ብቻ ነው። ቴኒስን ወደ ቦታና ወደ ጊዜ አሳነሰው፤ ሌላውን ጣለው። በኋላ ለቤት በወጣው ቅጂ ውስጥ ቦውሊንግ የሚመስሉ ዘንጎችን በሰርቭ የሚጥሉባቸው የልምምድ ጨዋታዎቹ ስንቱን ሰው ሳያስበው ማነጣጠር እንዳስተማሩት! እስካሁን ድረስ አንድ የቴኒስ ጌም ለማያውቅ ሰው አሳይ ብባል የማሳየው ይህንን ነው።

በ2006 ከኔንቴንዶ ዊ ጋር የመጣው ዊ ስፖርትስ ደግሞ እግርን ጭራሽ ወሰደው። ስክሪኑ ላይ ያለው አሻንጉሊት ራሱ ይሮጣል፤ ሰው እጁን ማወዛወዝ ብቻ ነው። ቀድሞ ካወዛወዘ ኳሷ ወደ አንድ ጎን፣ ከዘገየ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ከላይ እውነቱ እግር ላይ ነው ብያለሁና ይህ ጌም ይሞግተኛል፤ አያቶችና የልጅ ልጆች አብረው የሣቁበት ነውና። ነገር ግን እሱም ጊዜን አልነካም። እግርን አንሥቶ ጊዜን ቢያነሣ ኖሮ ምንም አይቀረውም ነበር።

ሦስተኛው መንገድ በ2003 የተጀመረው የቶፕ ስፒን ተከታታይ ነው፤ ወደ እውነተኛው ጨዋታ መጠጋት የሚፈልግ። እዚህ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ጌም መሥራት የሚማር አንድ ወጣት ይህንን በትዕግሥት ሲያስረዳኝ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ተነሣ። ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ወስዶ ቆመና ኳሷ እዚህ ትደርሳለች አለኝ፣ ከክርኑ አንድ ስንዝር ራቅ ያለ ቦታ እያሳየ። የተጫዋቹ እንቅስቃሴ ከእውነተኛ ሰው ተቀርጾ የመጣ ስለሆነ ራኬቱ የሚያልፍበት መንገድ የታወቀ ነው። ኳሷ ግን በየጊዜው የተለየ ቦታ ነው የምትደርሰው። ያቺን ስንዝር ማን ይሙላት? ጌሙ ተጫዋቹን በስውር ካንሸራተተው ራኬቱና ኳሷ ይገናኛሉ፤ ጫማው ግን ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ይታያል። ካላንሸራተተው ሰው «በላይዋ ላይ ቆሜ እንዴት ሳትኳት!» ብሎ ይናደዳል። ትንሽ እርዳታ ያስፈልጋል። እርዳታው ሲበዛ ግን ጥሩ የቆመውና መጥፎ የቆመው እኩል ይሆናሉ።

> ጥሩ የቆመና መጥፎ የቆመ እኩል የሚመቱበት ቴኒስ፣ ቴኒስ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ ልብ የማይባል ሌላ ነገር አለ፤ የሰውነት ክብደት። ወደ ቀኝ እየሮጠ ያለ ሰው ወደ ግራ ለመመለስ መጀመሪያ መቆም አለበት። ቴኒስ ውስጥ ካሉት ብልህ ምቶች አንዱ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው፦ ባላጋራህ ባዶውን ጎን ለመሸፈን ሲሮጥ፣ ኳሷን ወደተነሣበት፣ ወደ ጀርባው ትመልሳታለህ። ጌሙ ተጫዋቹን በቅጽበት የሚያቆምና የሚያዞር ከሆነ ይህ ምት ይሞታል፤ ቴኒሱም ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ ብቻ ይሆናል። ክብደቱ ሲበዛ ደግሞ ጆይስቲኩን ስንገፋ ሰውየው እንደ ተጫነ በቅሎ እየተጎተተ ይነሣል፤ እኔ አዝዤ እሱ የማይሰማኝ ይመስለኛል። ትክክለኛው ልክ የት እንደሆነ በወረቀት ላይ አይገኝም። በእጅ ተይዞ፣ ተጫውቶ፣ ተመልሶ ተስተካክሎ ነው የሚገኘው። የቶፕ ስፒን አራተኛው ክፍል በ2011 ይህንን ልክ አግኝቶ ነበር ብለው ዛሬም የሚከራከሩለት ሰዎች አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ስህተቱ የማን ነው?

ፕሌይስቴሽን ቤት የዋለ ሰው «ጌሙ በላኝ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ተሸናፊ ሁሉ ይለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ግን እውነት ነው።

ከዓመታት በፊት የገዛሁት አንድ የቴኒስ ጌም ነበር። ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀርቶኝ፣ ኳሷ መሐል ሜዳ ላይ ቀላል ሆና መጣችልኝ። ቀድሜ ደረስኩ፣ በሰዓቱ ተጫንኩ፣ መስመሩ ላይ አላነጣጠርኩም። ኳሷ ሁለት ሜትር ያህል ወጣች። ለምን እንደወጣች ስክሪኑ ላይ የሚናገር ምንም ነገር አልነበረም፤ ጌሙ በውስጡ ዕጣ ጥሎ «ይህቺን ይሳት» ብሎ ወስኖብኝ ነው። ያን ጌም ከዚያ በኋላ አልከፈትኩትም።

እውነተኛ ተጫዋቾችም ቀላል ኳስ ያወጣሉ ይባላል፤ ልክ ነው። በማንኛውም ደረጃ ያለ ቴኒስ ከድንቅ ምት ይልቅ በስህተት የሚያልቅ ነጥብ ይበዛዋል። ነገር ግን ሜዳ ላይ የሳተ ሰው ለምን እንደሳተ እጁ ይነግረዋል፤ ኳሷ ከራኬቱ መሐል ውጭ ስታርፍ እጀታው መዳፉ ውስጥ ይጠመዘዛል፣ ድምፁም የፈዘዘ ነው። ጌም ያንን መዳፍ የለውም። ስለዚህ በሌላ መንገድ መንገር አለበት፦ በድምፅ፣ በጆይስቲኩ ንዝረት፣ በተጫዋቹ አቋም፣ በሚታይ ምልክት። በ2024 የወጣው ቶፕስፒን 2ኬ25 ከተጫዋቹ አጠገብ አንድ የምትሞላ መስመር አስቀምጧል። ቁልፉን ነካ አድርጎ የለቀቀ በእርጋታ ያነጣጥራል፤ ይዞ የቆየ በኃይል ይመታል፤ የሚለቅበትን ቅጽበት የሳተ ግን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንደሆነ ወዲያው ያየዋል። ኮች መስመሯን አይወዷትም፤ ኳሷን እንዳላይ ትሸፍንብኛለች ይላሉ። ተማሪው ደግሞ ያለ እሷ አልማርም ነበር ባይ ነው። እኔ መጀመሪያ አይቼባት፣ ጆሮዬና ጣቴ ሲለምዱ ማጥፋት እመርጣለሁ።

ጊዜን የሚሰርቅ ሌላም ሌባ አለ፤ እሱ ጌሙ ውስጥ አይደለም። ብዙ ቴሌቪዥኖች ምስሉን ለማሳመር ሲሉ ትንሽ ያዘገዩታል። ለፊልም ምንም አይደለም፤ ለቴኒስ ግን ሞት ነው። የቴሌቪዥኑን የጌም ሞድ ማብራት ብቻ ስንቱን «ሰነፍ» ተጫዋች ጎበዝ አድርጎታል። በኢንተርኔት ሲሆን ይብሳል፦ አዲስ አበባ ተቀምጦ አውሮፓ ካለ ሰው ጋር የሚጫወት ልጅ፣ የእጁ ትእዛዝ ባሕር ተሻግሮ እስኪመለስ ኳሷ አልፋዋለች።

ከመረቡ ማዶ

ኮምፒውተሩ ባላጋራ ሲሆን የሚያስቸግረው ማሸነፉ አይደለም። ቢፈለግ ሁሉንም ኳስ ሊመልስ ይችላል። ከባዱ ነገር እንደ ሰው እንዲሸነፍ ማስተማር ነው፤ ባክሃንዱ ላይ፣ በእጁ ጀርባ በሚመታበት ጎን፣ ደጋግመው ሲመቱበት እንዲሰለች፣ ከረጅም ምልልስ በኋላ እግሩ እንዲከብደው፣ 30 ለ40 ሲመራ ሁለተኛ ሰርቩን እንዲፈራ። ሃያ ዝነኛ ፊት ይዞ አንድ ዐይነት የሚጫወት ጌም ቶሎ ይሰለቻል። ይህንን ለማሻሻል በየዓመቱ የሚደረገው ጥረት ላብና ፀጉር ለማሳመር ከሚደረገው በጣም ያነሰ መምሰሉ ያሳዝነኛል።

የተረፈውን፣ ልብ የሚያንጠለጥለውን ነገር፣ የቴኒስ የነጥብ አቆጣጠር ራሱ ይሠራዋል። በሜዳ ቴኒስ «ጌም» የሚባለውን አንድ የጨዋታ ክፍል ለማሸነፍ አራት ነጥብ ነው፤ ሦስት ለሦስት እኩል ከሆኑ ግን ሁለት ነጥብ መቅደም ያስፈልጋል። ቀድሞ የጨረሰ ነው የሚያሸንፈው እንጂ ሰዓት የሞላለት አይደለም፤ የመጨረሻዋ ነጥብ እስክትቆጠር ድረስ መመለስ ይቻላል። ሠሪዎቹ እዚህ ላይ ምንም መፍጠር አይጠበቅባቸውም።

ያን ቀን ኮች አንድም ጊዜ ሳያሸንፉ ተነሡ። ሒሳቡን ከፈሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ተማሪውን «ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ና፣ ራኬት እሰጥሃለሁ» አሉት።

መጣ፤ እኔም ሄድኩ። ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ቀዩ አፈር ሌሊቱን በጣለው ካፊያ ጠቁሯል። ኮች ከመረቡ ማዶ ሆነው ቀስ እያሉ መገቡት፤ የመጀመሪያዎቹን አጥር ላይ ሰደዳቸው። ጥቂት ቆይተው ኮች ትከሻቸውን ከፍተው ወደ ባክሃንዱ ለመምታት ተዘጋጁ። ልጁ ገና ኳሷ ሳትመታ ፊቱን ወደ ግራ አዞረ። የት እንደምትሄድ አውቋል፤ ከስክሪኑ የተማረው ንባብ ነው። እግሩ ግን ከተተከለበት አልተነሣም። ኳሷ በግራ በኩል ከፍ ብላ ነጥራ አለፈችው።

«አየኋት እኮ!» አለ፣ ራኬቱን በሁለት እጁ እንደያዘ።

«አይቻለሁ፣ አንገትህ ቀድሟል» አሉት ኮች፣ ሌላ ኳስ ከኪሳቸው እያወጡ። «አሁን እኔ ልመታ ስል ትንሽ ዝለል።»